በንስሯ ደረት ሥር የተሰበረው እንቁላል

በሐይቅ ዳር የሚኖር አንድ የሽንኩርት ገበሬ ነበረ።

የኔታ ላቀው ታሪኩን የጀመሩት በዚህ ነው። የነገሩት ለአንድ ጠበቃ ነበር። ጠበቃው በልጅነቱ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ፣ ጎልምሶ ስሙ ከተጠራ በኋላም ነገር ሲከብደው ወደ እሳቸው ይመጣል። በዚያ ቀንም መጥቶ፣ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦

«የኔታ፣ ልጄ በሐሰት መስክሮ የሰው ቤት አፈረሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ ይህን ልጅ ያሳደግሁት አጥሬ ነው። ከማን ጋር እንደሚውል አውቃለሁ፤ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንድ ጓደኛው አላማረኝም ነበር፤ እሱንም ከደጄ አባርሬ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ተናግሬ፣ ዳግም እንዳይመጣ አድርጌዋለሁ። ታዲያ ይህ ውሸት ከየት ገባበት?»

የኔታ ስለ ገበሬው ይነግሩት ጀመር።

ገበሬው ይርዳው ይባላል። ማሳው ከመንገዱ ተነሥቶ እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። በማሳው ጫፍ፣ ሥሩ ውሃ የሚነካ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በሾላው አናት ላይ ራሳቸውና ደረታቸው ነጭ የሆነ፣ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ሁለት ንስሮች፣ ባልና ሚስት፣ ጎጆ ነበራቸው። ይርዳው መሬቱን ሲይዝ እዚያው አገኛቸው። ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው ሲጮኹ ድምፃቸው ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። ይርዳው ያን ድምፅ ሳይሰማ ቁርስ አይወርድልኝም ይል ነበር። ሚስቱ አስካለ ደግሞ፣ «እኔ ስጠራህ የዚህን ግማሽ ብትሰማ ምን ነበረበት» ትለው ነበር።

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ንስሮቹ ጎጇቸውን ያድሳሉ። ወንዱ ጭራሮ ያመጣል፤ ከእሱ ገዘፍ የምትለው ሴቷ ትደረድራለች። ከዚያ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ተራ እየገቡ ያቅፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታቅፈው ግን እሷ ናት። ከአርባ ቀን በኋላ ጫጩት ይፈለፈላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚያ ጎጆ ጫጩት ሳይወጣ ያለፈበት ዓመት አልነበረም። ይርዳው በጣም ይሳሳላቸው ነበር። ከሾላው አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ለማገዶ እንዲቆረጥ አይፈቅድም።

በዚያን ጊዜ የሚዘራው በቆሎ ነበር። በኋላ የውሃ ሞተር ገዛና ሽንኩርት መትከል ጀመረ። ሽንኩርቱን ግን ተባይ ወረረው። አንድ ዓመት ከምርቱ እኩሌታ የሚበልጠው ከመሬት ሳይወጣ ቀረ። ይህን የሰማ፣ ከከተማ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለበት ከረጢት ነጭ ዱቄት ይዞለት መጣ።

«መድኃኒት ነው» አለው።

በዚያ አገር ስሙ ይኸው ነው። ተባይ የሚገድለውን ነገር መርዝ ብሎ የሚጠራው የለም። ይርዳው መድኃኒቱን በውሃ በጠበጠ፤ በመርጫው ሞላ፤ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨ። በማግስቱ ጠዋት ሲወርድ ትሉም፣ ፌንጣውም፣ ጉንዳኑም ሳይቀር በየመደቡ ላይ ተዘርሮ አገኘው። ደስ አለው። መርጫውን ወደ ሐይቁ ወስዶ አጠበና ጎተራው ሥር አስቀመጠው። ከማሳው የሚተርፈው ውሃም እንደ ወትሮው በቦዩ ወርዶ ከሾላው አጠገብ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

በዚያ ዓመት ጎጆው ውስጥ ጫጩት አልታየም። ይርዳው አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል ብሎ አለፈው። በሁለተኛው ዓመትም አልታየም፤ ከሾላው ሥር ደግሞ የተሰባበረ ቅርፊት አገኘ። ያን ጊዜ ደነገጠ። ወደ ላይ ቢያይ ንስሮቹ ምንም አልሆኑም። ላባቸው ያበራል፤ ያድናሉ፤ ይጮኻሉ። እነሱ ደህና ከሆኑ ጠላቱ ከውጭ የሚመጣ ነው አለ።

እባብ ይሆናል ብሎ የሾላውን ግንድ በእሾህ አጠረ። ጦጣ ይሆናል ብሎ በዚያ በኩል የሚያልፉትን ጦጣዎች በወንጭፍ አሳደደ። ቁራ ይሆናል ብሎ ቅርንጫፎቹ ላይ ቆርቆሮ አንጠለጠለ፤ ቆርቆሮው ነፋስ በመታው ቁጥር ሲንኳኳ አስካለ ራሴን በጠበጠኝ ብላ አስወረደችው። በሦስተኛው ዓመት እባብም፣ ጦጣም፣ ቁራም ሳይታይ እንቁላሎቹ ጠፉ። የቀረው እንግዲህ ሰው ነው።

ከሾላው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ውሃው ዳር፣ ቦሩ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ብቻውን ይኖር ነበር። ዕድሜው ገፍቷል። ታንኳውን የሚያስረው ከሾላው ሥር ነው። በወጣትነቱ ማር ሊቆርጥ የማይወጣው ዛፍ አልነበረም ይባላል። ይርዳው ለዐሥር ዓመት «ጋሽ ቦሩ» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ ሲያከብረው የኖረ ሰው ነው። ያጠመደው ሲበዛለት ቦሩ ለአስካለ ሁለት ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ይልክላታል፤ እሷም ሽንኩርት ትልክለታለች።

አንድ ጠዋት ይርዳው ወደ ሾላው ሲወርድ ቦሩ ከዛፉ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲያነሣ አገኘው። ቀረብ ብሎ አየ። በእጁ የያዘው የእንቁላል ቅርፊት ነበር።

«ያዝሁህ!» አለ ይርዳው።

ቦሩ ቀና አለ። «ጋሽ» ሲለው የኖረው ሰው በአንድ ጊዜ «አንተ» ሲለው ምን እንደተሰማው ፊቱ ላይ ታየ። የመለሰው ግን በቀስታ ነው።

«ወድቆ ነው ያነሣሁት። እስቲ እየው። የንስር እንቁላል እንዲህ ነው? በጣቴ ስነካው ይታጠፋል እኮ።»

«ምኑን ነው የማየው? ሦስት ዓመት ሙሉ የሰረቅኸኝ አንተ ነህ!»

«ይርዳው፣ ረጋ በል። ከቦይህ አፍ ላይ ያሉትን ዓሦች አይተሃቸው ታውቃለህ? ጤነኛ አይደሉም። ይዞራሉ፤ እጄን ስከት እንኳ አይሸሹም። እኔ እንጃ፣ ግን ይሄ ነገር…»

«ደግሞ በኔ ቦይ መጣህ?»

ቦሩ ቅርፊቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦለት ወደ ታንኳው ሄደ። ይርዳው ቅርፊቱን በእግሩ ረገጠው።

ነገሩን የአገር ሽማግሌዎች ፊት አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ምስክር ጠየቁ፤ ምስክር አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ለመሆኑ የወፍ እንቁላል ሰርቆ ምን ያደርግበታል? ዓሣ አጥቶ ነው?» ሲሉ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሳቁ ይርዳውን ሲያናድደው ሊናገረው ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ።

«እጁ ባይነካውም ዓይኑ ይበላል» አለ።

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ይርዳውን ገሠጹት፤ ዳግም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይናገር አስጠነቀቁት። ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል። ሳምንት ሳይሞላ ሴቶች ከቦሩ ዓሣ መግዛት ተዉ። እሱ በመንገድ ሲያልፍ እናቶች የሕፃኖቻቸውን ፊት በነጠላቸው ይሸፍኑ ጀመር። ይርዳው ይህን ሁሉ አየ። ዋሽቼ ነው፣ ተናድጄ ነው ብሎ አላስተባበለም። እንዲያውም ታንኳውን ከሾላው እንዲፈታ አዘዘው። በወሩ ቦሩ መረቡን፣ ድስቱንና አንድ ቁርበቱን ታንኳው ላይ ጭኖ ከሐይቁ ማዶ ሴት ልጁ ወዳገባችበት መንደር ሄደ። ሲሄድ አልረገመም። አልተሰናበተምም።

በአራተኛው ዓመት ይርዳው ልቡ ሞላ። ዘንድሮ ጫጩት አያለሁ አለ። ለማንኛውም ብሎ ግን ከሾላው ጥቂት እልፍ ሲሉ መሬቱ ቀጥ ብሎ የሚነሣበት ዳገት ላይ ማማ ሠራ። ማማው ላይ ሲቀመጡ የጎጆው ውስጥ ይታያል። ንስሯ እንቁላል ከጣለችበት ቀን ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። አስካለ ምሳውን ይዛለት እየመጣች ከማማው ሥር ቆማ ትጨቀጭቀዋለች።

«ሽንኩርቱን ማን ይኮትኩት?»

«ሰው ቅጠሪ።»

«ሰዉ ሁሉ እኮ ወፍ የሚጠብቀው ሰውዬ እያለ ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ጫጩቱ ሲወጣ እናያለን።»

ከማማው ላይ ሆኖ ደስ የሚያሰኘውን ነገር ብዙ ጊዜ ያይ ነበር። ወንዱ ንስር ለአደን ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ከቦዩ አፍ ላይ ዝቅ ይልና ወዲያው ዓሣ ይዞ ይነሣል። ዓሦቹ እዚያ ቀሰስተኞች ናቸው። ግማሹን ራሱ ይበላል፤ ግማሹን ጎጆ ላይ ላለችው ሚስቱ ያመጣል። ይርዳው ይህን ሲያይ፣ ምግቡ እቤታቸው ድረስ መጣላቸው እያለ ይደሰት ነበር።

በዐሥራ አራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሴቷ ንስር እንቁላሎቿን ልታገላብጥ ተነሣች። በመንቁሯ ቀስ አድርጋ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። ከዚያ እንዳትወጋቸው ጥፍሯን ወደ ውስጥ አጠፈች፤ የደረቷን ላባ ነፋ አድርጋ ዝቅ አለች። ወዲያው ብድግ አለች። አንገቷን ደፍታ አየች። ነጩ ደረቷ ላይ የአስኳል ቢጫ ይታያል።

ይርዳው ማማው ላይ ቆመ። ዙሪያውን ቃኘ። ግንዱ ላይ እባብ የለም። ቅርንጫፎቹ ላይ ጦጣ የለም። ሰማዩ ባዶ ነው። ቦሩ ከሐይቁ ማዶ ነው።

ንስሯ ጥቂት ቆማ ቆየች። ከዚያ እንደ ቅድሙ ተጠንቅቃ፣ እንደ ቅድሙ ጥፍሯን አጥፋ፣ በቀረው እንቁላል ላይ ዝቅ አለች። እሱም ተሰበረ። እሷ ግን ከጎጆው አልሄደችም። የተሰበረውን ታቅፋ ተቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ይርዳው እንቁላሎቹ በተሰበሩበት ዕለት ምሽት ራት ሲቀርብለት አልነካውም።

«ምነው? መጣ እንዴ ሌባው?» አለች አስካለ።

«ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ሆንህ?»

«ማንም አልመጣም እኮ ነው የምልሽ። ራሷ ናት። ልታሞቀው ስትቀመጥ ነው የተሰበረው።»

በአራተኛው ቀን ንስሯ ጎጆውን ትታ በረረች። ይርዳው ራሱ ያጠረውን እሾህ በገጀራ እየመነጠረ፣ እጁ እየደማ፣ ሾላው ላይ ወጣ። ከጎጆው ውስጥ አንድ ቅርፊት አነሣ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ሳይሰነጠቅ እጥፍ አለ። ቦሩ «ይታጠፋል እኮ» ያለው ትዝ አለው። ቅርንጫፉ ላይ እንደተቀመጠ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ ቅርፊቱን በመሐረብ ጠቀለለና የሐይቁን ዳር ይዞ በእግሩ ማዶ ሄደ። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቦሩን ከልጁ ደጃፍ ላይ መረብ ሲጠግን አገኘው። ቦሩ አየውና መጠገኑን ቀጠለ።

«ጋሽ ቦሩ» አለ ይርዳው፣ «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ከዚያ በፊት ግን ይህን አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

«አላይም» አለ ቦሩ። «መጀመሪያ የመጣህበትን ጨርስ።»

ይርዳው መሐረቡን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ወድቆ፣ «አላደረጉትም። ዓይንዎ ይበላል ያልሁት ሐሰት እንደሆነ ልቤ እያወቀ ሰው ፊት አዋረድሁዎት። ከቤትዎም አስወጣሁዎት» አለ። ቦሩ መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ።

«ተነሥ። አሁን አሳየኝ።»

ቅርፊቱን ወስዶ በብርሃን አየው። በጣቱ አጠፈው፤ ዘረጋው።

«እዚህ መንደር ሐይቁን የሚመረምሩ ሰዎች መጥተው በታንኳዬ ሳዞራቸው ከረምሁ» አለ። «ያሉኝን ልንገርህ። ያ መድኃኒትህ ሽንኩርቱ ላይ አይቀርም። በቦዩ ይወርድና ጭቃው ውስጥ ይተኛል። ከጭቃው ላይ የሚለቅሙት ነፍሳት ይበሉታል፤ እነሱን ትንንሹ ዓሣ ይበላል፤ ትንንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላል። ገላ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ቶሎ አይወጣም። ትልቁን ዓሣ ማን ይበላዋል?»

«ንስሩ።»

«እሷን አይገድላትም። ትበላለች፣ ትበራለች፣ ስታያት ደህና ናት። እንቁላል ስትጥል ግን ቅርፊቱ የሚጠነክርበት ነገር ይጎድላታል። ከዚያ እናት ናትና ትቀመጥበታለች።»

«እሷ ግን ይህን አታውቅም» አለ ይርዳው።

«ከየት አውቃ!»

«ምነው ያኔ ቢነግሩኝ» አለ ይርዳው።

«ነግሬህ ነበር» አለ ቦሩ።

ይርዳው ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰው ሳይበተን ቆሞ፣ ስለ ቦሩ የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ እንቁላሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። የቀረውን ዱቄት ወስዶ ለግብርና ባለሙያዎች አስረከበ። ቦዩንም ዘጋ፤ ትርፉ ውሃ ሐይቁ ሳይደርስ የሚቀርበት ጉድጓድ ቆፈረለት። በዚያ ዓመት ተባዩ መልሶ ወረረውና ምርቱ በጣም አነሰ። አስካለ ተቆጣች።

«ለወፍ ብለህ ቤትህን ልታራቁት ነው?»

«ለወፍ ብቻ አይደለም። ዓሣውን እኛም እንበላ የለም እንዴ፣ አስካለ?»

አስካለ ከማግስቱ ጀምሮ ማሳው ውስጥ ገብታ ትሉን በእጇ እየለቀመች በጣሳ ትሰበስብ ጀመር፤ እየተነጫነጨች።

ይርዳው በሚቀጥለው ዓመት ማማው ላይ ወጣ። እንቁላሎቹ ተሰበሩ። በንዴት እንደገና ማዶ ሄደ።

«ጋሽ ቦሩ፣ ትቻለሁ እኮ! ጠብታ አልረጨሁም!»

«አንተ ትተሃል» አለ ቦሩ። «ጭቃው ውስጥ ያለው ግን አሁንም አለ። እሷም ውስጥ ያለው አለ።»

«ስንት ዓመት ይቆያል?»

«እኔ እንጃ።»

በሁለተኛው ዓመትም ተሰበሩ። በሦስተኛው ዓመት ያቺ ንስር አንድ ቀን ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ምን እንዳገኛት የሚያውቅ የለም። አንድም ጫጩት ዳግመኛ ሳታይ ነው የጠፋችው። ወንዱ በጋውን ሙሉ ብቻውን ሲጮኽ ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት ከየት እንደሆነ ያልታወቀች አንዲት ወጣት ንስር ተቀላቀለችው። ሁለት እንቁላል ጣለች። አንዱ ተሰበረ፤ አንዱ ጸና። ከእሱም ቡናማ ላባ ያለው ጫጩት ወጣ፤ አደገ፤ በረረ። ይርዳው ይህን አይቶ ለአስካለ ነገራት፤ ከዚያ ወደ ኩትኳቶው ተመለሰ።

ቦሩ ተመለስ ቢባል አልተመለሰም። ይቅር ብዬሃለሁ፤ እዚህ ግን ለመድሁ አለ። እንደሚባለው ከሆነ፣ በይርዳው መንደር ዛሬም ስሙ ሲነሣ የልጃቸውን ፊት የሚሸፍኑ ሴቶች አሉ።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ጠበቃው ዞሩ።

«አሁን ወዳንተ ልምጣ። አምና እዚሁ ተቀምጠህ በችሎት ስለ ተሟገትሃት አንዲት ሴት ነግረኸኝ ነበር። እውነተኛ ምስክር ይዛ መጥታ፣ አንተ በመስቀለኛ ጥያቄ አደናብረህ ሐሰተኛ እንዳስመሰልኸው፣ ርስቷንም እንዳጣች ነግረኸኝ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልገሠጽሁህምም። ያ የኔ ጥፋት ነው። ለመሆኑ ይህን ታሪክ ለልጅህ ነግረኸዋል?»

ጠበቃው ትንሽ አቅማማ። «ራት ላይ ስለ ሥራዬ አጫውተዋለሁ። የአባቱን ሙያ እንዲያውቅ ብዬ ነው።»

«እሱስ ይስቃል?»

«ይስቃል።»

«ስንት ዓመት?»

ጠበቃው በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው።

«እንግዲህ ልጅህን ያጎረስኸው ያንን ነው» አሉ የኔታ። «ባለጉዳዩን ከደጅህ ሸኝተህ፣ ነገሩን ችሎት ውስጥ ትተኸው የመጣህ ይመስልሃል። አልተውኸውም። ገላህ ውስጥ ይዘኸው ገብተሃል። አንተን አልገደለህም፤ አምረሃል፣ ከብረሃል፣ ሰው ሁሉ ደህና ነህ ይልሃል። ልጁ ላይ ግን ወጣ።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ልጄን ዋሽ ብዬው አላውቅም! ዐሥሩን ትእዛዛት ያስጠናሁት እኔ ነኝ። በልጅነቱ ሲታመም ስንት ቀን ታቅፌው አድሬአለሁ!»

«አውቃለሁ። ንስሯም እኮ ያቀፈችው በደንብ ነው። ጥፍሯን አጥፋ ነው የተቀመጠችው። ከማቀፍ የጎደለባት ነገር የለም። አንተም በአባትነትህ ከብደህ ልጄ ሆይ ጽና ብለህ ስትቀመጥበት፣ ልጁ የሚጸናበት ነገር ካንተ ዘንድ አላገኘምና ተሰበረ። አንተ ደግሞ ማማ ላይ ወጥተህ ሌባ ትፈልጋለህ። ያ ያባረርኸው ልጅ ማን ነበር?»

«የጎረቤታችን ልጅ ነው።»

«ምን አድርጎ?»

ጠበቃው ለረጅም ጊዜ አሰበ። «ምንም» አለ በመጨረሻ። «አላማረኝም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂድ። ሰፈሩ ፊት የተናገርኸውን ሰፈሩ ፊት አንሣ። ላይመለስልህ ይችላል፤ አንተ ግን ሂድ። ከዚያ ከልጅህ ፊት ተቀምጠህ የዚያችን ሴት ታሪክ እንደገና ንገረው፤ ሳትስቅ። ቤቷን ያፈረሰው ማን እንደሆነ ንገረው።»

«ይህን ባደርግ ልጄ ይመለስልኛል?»

«እኔ እንጃ» አሉ የኔታ። «ዘንድሮ አይመለስ ይሆናል። ከርሞም አይመለስ ይሆናል። አንተ ውስጥ ያለው ብዙ ነው፤ እሱም ውስጥ የገባው ብዙ ነው። ምናልባት የምታየው በልጅህ ሳይሆን በልጅ ልጅህ ነው። የምነግርህ ቁርጡን ነው።»

ጠበቃው ተነሣ። ሊሳለማቸው ጎንበስ ሲል እጁን ያዙት።

«ነገ ችሎት አለህ?»

«አለኝ።»

«የያዝኸው ነገር እውነት ነው?»

ጠበቃው መሬት መሬቱን አየ።

«ቦይህ እሱ ነው» አሉ የኔታ። «ከዚያ ጀምር።»